አሥራ አንደኛው መስኮት

ስህተት ሳይ ደሜ ይፈላል። የሰው ስህተት ማለቴ ነው።

በ1955 ዓ.ም. መርካቶ፣ ጭድ ተራ አጠገብ ካለ የቆርቆሮ መደብር ፎቅ ላይ፣ ጋሼ ቦጋለ በተከራዩት ክፍል እሠራ ነበር። ጋሼ ቦጋለ መሬት ቀያሽ የነበሩ ሰው ናቸው። አንድ የቅየሳ ድርጅት በየአገሩ የለካውን ልክ በቁጥር ይልክላቸዋል፤ እኛ አባዝተንና ቀንሰን የየተራራውን ትክክለኛ ቦታ እናወጣለን። ሠራተኞቹ ሁለት ነበርን፤ እኔ የሻሽወርቅና በአምስት ዓመት የምታንሰኝ ሐጀራ። የሂሳብ መኪናም ሁለት ነበር። የእኔ አረንጓዴ፣ ከአስመጪ ሱቅ በካርቶኑ የመጣ። የሐጀራ ጥቁር፣ ከምን አለሽ ተራ የተገዛ፣ ዕድሜው ከሁለታችንም የሚበልጥ።

ሁለቱም በእጅ የሚዞሩ ናቸው። ቁጥሩን አስገብተው እጀታውን ወደፊት ሲያዞሩት ይደምራል፣ ወደኋላ ሲያዞሩት ይቀንሳል፤ ውጤቱ ከታች በአሥራ ሦስት ትንንሽ መስኮቶች ይታያል። በሰባት ማባዛት ማለት ሰባት ጊዜ ማዞር ነው። የቅየሳው ቁጥር ደግሞ አሥራ ሁለት አሃዝ ስለሚደርስ ሲባዛ ከመስኮቶቹ ያልፋል፣ መኪናው አይችለውም፤ ለሁለት ቆርጠን፣ ቁራጩን ከቁራጩ አባዝተን፣ መጨረሻ ላይ እንገጣጥመዋለን። አንድ ወረቀት ለመጨረስ ብዙ መቶ ዙር ይፈጃል። ቤቴ ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ እጄን ሞቅ ባለ ውሃ መዘፍዘፍ ነበር።

በኋላ አንድ ዘዴ አወጣሁ። በዘጠኝ ለማባዛት ዘጠኝ ጊዜ ከማዞር በአሥር ቤት አንድ ጊዜ ወደፊት፣ ከዚያ በአንድ ቤት አንድ ጊዜ ወደኋላ። ዘጠኙ ዙር ሁለት ሆነ። ለስምንትና ለሰባትም እንደዚያው። ቁጥሩ የት እንደሚቆረጥ፣ የቱ እንደሚቀድም ሁሉ በአንድ ገጽ ጻፍኩና፣ ከላዩ «ለሁሉም መኪና» የሚል ርእስ ሰጥቼ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። በቀን አሥር ወረቀት የነበረው ሥራዬ አሥራ ስምንት ደረሰ። ጋሼ ቦጋለ ደስ ብሏቸው አለቃ አደረጉኝ። አለቃ ማለት የሐጀራ አለቃ ነው፤ ሌላ ሰው የለማ።

ብዙም ሳይቆይ የሐጀራ ወረቀቶች ከድርጅቱ በቀይ ቀለም እየተሰመረባቸው ይመለሱ ጀመር። ከእኔ አንድም አልተመለሰም።

«እትዬ፣ ስህተቱ እኮ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው» አለችኝ አንድ ቀን። «ከቀኝ ሲቆጠር አሥራ አንደኛው መስኮት ላይ። ሌላው ሁሉ ልክ ነው።»

«እንግዲያው አሥራ አንደኛው ላይ ስትደርሺ እንቅልፍ ይወስድሻል ማለት ነዋ» አልኳት። ሳቅኩም።

ከዚያ ለጥቂት ቀን ስህተቷ ጠፋ፤ ሥራዋ ግን ተጎተተ። ጆሮዬን ብጥል፣ ጥቁሩ መኪና ዘጠኝ በመጣ ቁጥር ዘጠኝ ጊዜ ይንቋቋል።

«ግድግዳው ላይ ያለው ለጌጥ ነው?» አልኳት።

«በድሮው አሠራር ሲሆን አይሳሳትም፣ እትዬ። ወላሂ አይሳሳትም።»

«መኪና መኪና ነው። በወረቀቱ ሥሪ።»

በወረቀቱ ሠራች። በሳምንቱ አራት ወረቀት ተመለሰ፤ ድርጅቱም ይህ ከተደገመ ሥራውን ለሌላ እንደሚሰጥ ጽፎ ላከ። ጋሼ ቦጋለ ደብዳቤውን እያጣጠፉ «ሐጀራ፣ ጥሩ ልጅ ነሽ፤ ግን ይሄ ሥራ አልሆነልሽም። ከሰኞ ጀምሮ አትምጪ» አሏት። አባቷ ከሞቱ ወዲህ እናቷንና ሁለት እህቶቿን የምታኖረው እሷ እንደነበረች አውቃለሁ። አውቄ ዝም አልኩ። ሐጀራ መኪናዋን ወልውላ፣ በጨርቅ ሸፍና ሄደች።

ሰኞ የተመለሱት አራት ወረቀቶች እኔ ላይ ወደቁ። ጥፋቱ የልጅቷ እንጂ የመኪናው አለመሆኑን ላሳይ ብዬ ሆን ብዬ ጥቁሩ ላይ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ስጨርስ ያወጣሁት ሐጀራ ያወጣችውን ያንኑ ስህተት ነበር። ደገምኩት፣ ያው ነው። አረንጓዴው ላይ ስሠራው ልክ መጣ።

ለሦስተኛ ጊዜ ጥቁሩ ላይ ቀስ ብዬ፣ መስኮቶቹን እያየሁ ሠራሁት። መሃል ላይ ዜሮ የተደረደረበት ቁጥር መጣ። አንድ ዙር ወደኋላ አዞርኩ። ዜሮዎቹ እያንዳንዳቸው ከግራ ጎረቤታቸው እየተበደሩ ዘጠኝ ሆኑ። አሥረኛው መስኮት ላይ ሲደርስ ቆመ። አሥራ አንደኛው ንቅንቅ አላለም።

መኪናውን በነጠላዬ ቋጥሬ ምን አለሽ ተራ ወደ ሸጠልን ወደ ጠሀ ሄድኩ። ሽፋኑን ፈቶ አየው።

«ምኑ ነው የተሰበረው?» አልኩት።

«ምንም አልተሰበረም። ከአሥረኛው ወዲያ የሚያቀብል ጥርስ የለውም፤ ከፋብሪካው ሲወጣም አልተደረገለትም። ወደፊት ብቻ ለሚያዞር ሰው፣ ሽግግሩ እዚያ ድረስ ስለማይርቅ፣ ይበቃዋል። ወደኋላ አዙሪው ያለሽ ማነው?»

ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ስመለስ መንገዱ ረዘመብኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም፤ አለቅነቴም አይነካም። ደረጃው ሥር ቆሜ ይህን አሰብኩ፣ በማሰቤም አፈርኩ። ወጥቼ ለጋሼ ቦጋለ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ነግራሽ ነበር?» አሉኝ።

«ሁለት ጊዜ።»

ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። እኔም ተከትያቸው ሐጀራ ቤት ሄድን። በሩ ላይ፣ እናቷ እየሰሙ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኳት። ጋሼ ቦጋለ ተመለሺ ሲሏት ሐጀራ «ነገ በሰዓቴ እመጣለሁ» አለች።

በማግስቱ አረንጓዴውን ለቀቅኩላት፤ እኔ ጥቁሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሐጀራ መጀመሪያ ግድግዳው ጋ ሄደች። «ለሁሉም መኪና» የሚለውን በእርሳስ ሰርዛ ከጎኑ «ለአረንጓዴው ብቻ» ብላ ጻፈችበት። ከዚያ ተቀምጣ በእኔ አሠራር ትሠራ ጀመር። እኔ ዘጠኝ ሲመጣ ዘጠኝ ጊዜ ወደፊት አዞራለሁ።

እስከ ምሳ ድረስ እሷ አሥር ወረቀት ጨረሰች፤ እኔ አራት። ከወንበሯ ሳትነሳ ወደ ግድግዳው አየት አድርጋ፣ «እትዬ፣ ጥሩ አሠራር ነው» አለችኝ። ከልቧ ነበር።

ያኔ እንባዬ መጣ። መስኮቶቹ አልታይ አሉኝና፣ ያዞርኩትን ሁሉ ሰርዤ እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።