ነጭ የተቀባው ጎማ

የጓሮው መዋኛ ገንዳ በአፈር እንዲሞላ ሲወሰን እናትየው አልተጠየቀችም ማለት አይቻልም። ትልቋ ልጇ በር ላይ ጫማዋን እያወለቀች፣ «እማዬ፣ ልጄ መራመድ ጀምሯል፤ ነገ ዘሎ ቢገባበትስ? አንቺም እንደሆነ ከተውሽው ቆየሽ» ብላት ነበር። እናትየው «እንግዲህ እንዳላችሁ» አለች። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ እናቷ የምትገባበት ቢሆን ኖሮ ዙሪያውን አጥር አሠርታ እንደምትተወው በራሷ አፍ ተናግራለች። ግን ለምን እንደተወችው በተጠየቀች ቁጥር እናትየው «ጉልበቴ» ብቻ ትላለች። ገንዳው የተቆፈረው ደግሞ ለዚያው ለጉልበቷ ነበር።

የቆፈረው ባሏ ነው። ነፍሱን ይማርና የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነበር። ሐኪሙ «ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ትራመድ» ሲል እሱ የሰማው «ቆፍር» የሚል ነው። ከጓሮ፣ በልብስ ማስጫው ገመድና በኩሽናው ግድግዳ መካከል፣ አራት ሰው ቢገባበት አምስተኛው ፈቃድ የሚጠይቅበት ገንዳ ሠራ። ጎረቤት ሳቀ። «የሰውዬው ጣሪያ ያፈሳል፤ እሱ መዋኛ ይሠራል» አሉ። መጀመሪያ ቀን ስትገባ የውሃው ቅዝቃዜ አጥንት ይሰብራል፤ «ጉልበቴን ላድን ብለህ ነፍሴን ልታወጣ ነው እንዴ?» ብላ ጮኻ ወጣች።

እሱ አልተናደደም። ከየወርክሾፑ የተጣለ ጥቁር የውሃ ጎማ ለቃቅሞ ቆርቆሮው ላይ እንደ እባብ እየጠመጠመ ዘረጋው። ፓምፑ ውሃውን ከገንዳው ወደ ጣሪያ ይገፋል፤ ውሃው በፀሐይ በጋለው ጎማ ውስጥ ዞሮ ዞሮ፣ አሁን እንደታለበ ወተት ለብ ብሎ ይመለሳል። ጠዋት ፀሐይ ጣሪያውን ስትነካው ፓምፑን ያስነሳል፣ ጥላ ሲያርፍበት ያጠፋዋል። ደመና ከሆነ «ሠራተኛዋ ዛሬ ቀርታለች» ይላል። ሰፈሩም ከዚያ ወዲያ «የፀሐይ አለቃ» አለው፤ በሹፈት የጀመረው ስም በኋላ እውነተኛ ስሙን አስረሳው።

እሷ የምትናፍቀው ሙቀቱን ብቻ አይደለም። ወደ ማታ ላይ እጇን ጠርዙ ላይ አድርጋ ወዲያ ወዲህ ስትል፣ እሱ ሱሪውን ጠቅልሎ እግሩን ውሃው ውስጥ ነክሮ ይቀመጥና ስለዋለባቸው ቤቶች ያወራት ነበር። ፓምፑ ውስጥ የልጁን ካልሲ ስላገኘው ሰውዬ፣ መብራት መጥፋቱን ሳያይ «የጠገንከው ፓምፕ ሞተ» ብሎ ስለጠራው ባለ ሱቅ። አንዱን ወሬ ሦስት ጊዜ ይደግመዋል፤ እሷም ሦስቱንም ጊዜ ትስቃለች። አብሮ መኖር ማለት ለእሷ ይኸው ነበር።

እሱ ከሞተ በኋላ ትንሹ ልጃቸው፣ ቀለም ቀቢው፣ አላለቀሰም። ኀዘን በአፉ የማይወጣለት ልጅ ነው። አንድ ቀን ያለውን ምርጥ ነጭ ቀለም ተሸክሞ መጣና አባቱ የነካውን ሁሉ መቀባት ጀመረ፤ በሩን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ጣሪያውን፣ በመጨረሻም ጎማውን። ከጥምጥሙ አንድ ቦታ እንኳ እንዳይዘለው ብሎ በትንሽ ብሩሽ፣ ዙር በዙር። እዚያ ላይ ሆኖ ሲንሰቀሰቅ ከታች ሰማችው። ሲወርድ ፀጉሩ ነጭ፣ ዓይኑ ቀይ ነበር። «እማ፣ አባባ ቢያየው ደስ አይለውም?» አላት።

ቀና ብላ አየች። የታጠበ አንሶላ የተሰጣ ይመስላል። ያኔውኑ ገባት። «ጥቁር ፀሐይን ይውጣታል፣ ነጭ ይተፋታል» ሲል ከኖረ ሰው ጋር ዕድሜዋን ፈጅታለች። ግን የልጇን ቀይ ዓይን አየች። «እጅህ ይባረክ» አለችው። ከዚያ በኋላ ፓምፑ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ቢውልም ውሃው እንደ ጉድጓድ ውሃ ቀዘቀዘ። እግሯን ነክራ አወጣች፤ «ጉልበቴ» ማለትም ያኔ ተጀመረ።

አፈር የጫነው መኪና ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ቀቢው ጎማውን ሊያወርድ መጣ። ያን ቀን ጠዋት ጸልያ ነበር፤ ወይ ቃል ስጠኝ፣ ወይ ነገሩን አስረሳኝ ብላ። ሁለቱም አልተሰጣትም። ልጇ ጣሪያው ላይ የመጀመሪያውን ዙር ፈትቶ «እማ፣ ይሄን ልጣለው?» ሲል ግን አፏ ቀደማት።

«ተወው። ና ውረድ።»

ወረደና አጠገቧ ቆመ። ወደ ፊቱ ሳታይ፣ «ውሃው የቀዘቀዘው አንተ ከቀባኸው ቀን ጀምሮ ነው፤ ጉልበቴ አይደለም» አለችው።

ቀና ብሎ ጎማውን አየ። ቀጥሎ ለራሱ የሚያወራ ይመስል፣ «ነጭ ጣሪያ ቤት ያቀዘቅዛል» አለ። ለደንበኛ ሁሉ የሚለው ነው፤ ስንቱን ቤት በዚያች ቃል ቀብቷል። ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«እያለቀስክ ነበር የምትቀባው። ብሩሹን ከእጅህ እንዴት ልቀማህ?»

«አንቺን በብርድ ቀጣሁሽ እኮ።»

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር፤ ብቻዬን የተቀጣሁ» አለች። «ለካ አንተንም ነው። በመጣህ ቁጥር ገንዳውን ታይና አንገትህን ደፍተህ ትሄዳለህ። አባትህ ስለሄደ የተውኩት መስሎህ ይሆናል።»

እንደዚያ መስሎት እንደነበር ፊቱ ተናገረ።

እህቱ ጋ ደውሎ አፈሩ ይቅር አላት። ምክንያቱን በአጭሩ ሲነግራት ወዲያ ማዶ ሆና የሳቀችው ሳቅ እናትየው ጆሮ ድረስ ደረሰ። «ቀቢ ወንድም ካለሽ ጠላት ምን ያደርግልሻል» አለች፤ ቀጥላ ግን ድምፅዋ ተሰበረና ስለ አጥሩ ነገ እንነጋገራለን ብላ ዘጋች።

ከአንድ ሱቅ በር የተረፈ ጥቁር ቀለም መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ ነበረው። ይዞት ጣሪያው ላይ ወጣ። እሷ ከታች አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ብሩሹ ሲንሸራተት ይሰማታል፤ ሌላ ድምፅ የለም። ትንሽ ቆይቶ ከላይ፣ ፊቱን ሳያሳያት፣ «እማ፣ አባባ ይሄን ሲዘረጋ የመጀመሪያ ቀን ምን አለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

ከሞተ ወዲህ ልጁ የአባቱን ወሬ እንድታወራለት ሲጠይቃት ይህ የመጀመሪያው ነበር። ጣሪያው ድረስ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ ማድረግ ነበረባት፤ ጎረቤትም ይሰማል። ይስማ። ጉሮሮዋን ጠረገችና ከቁፋሮው ጀመረች።