የጎን ወንበር

«እትዬ፣ ስንት ሰው ነው የሚሄድባት?» ሲል ጠየቀ መካኒኩ፣ ከመኪናዋ ሥር ካለው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ።

ሴትየዋ ጎንበስ ብላ በመስኮቱ የጎን ወንበሩን አየች። ቀይዋ የስፖርት መኪና ያሏት ወንበሮች ሁለት ብቻ ናቸውና መልሱ ወይ አንድ ነው ወይ ሁለት። ይኼ ደግሞ የሚያስጨንቅ ሂሳብ አልነበረም። ቢሆንም ወንበሩን ደግማ አየችው።

«አንድ» አለች በመጨረሻ።

ዕድሜዋን ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ስትነዳ ኖራለች። ያገሩን ሰው ሁሉ ስታመላልስ፣ አንድ ባሏን ብቻ ይዛ መሄድ አቃታት። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ደህና ሰው ሆኖ ይቆይና መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር ያቅለሸልሸዋል፤ ፊቱ አመድ ይመስላል። ጡረታ ስትወጣ ይህችን ያገለገለች ቀይ መኪና ገዛች፤ ከተራራው ማዶ ልጃቸው ዘንድ አብረው ሊሄዱ ተነሡ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ «አቁሚልኝ» ብሎ ወረደና በእግሩ ወደ ቤቱ ተመለሰ። «ሁለተኛ እዚህች መኪና ላይ ብወጣ ሰው አይደለሁም» ብሎም ማለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ከዚያ ወዲህ በጎን ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ቦርሳዋ ነው።

አሁን የመኪናዋ ሞላም፣ ንዝረቱን የሚያበርደው አሞርዛተርም ጠንከር ባለ ተቀይሯል። ስታቢላይዘር የሚሉት፣ የግራና የቀኙን ጎማ የሚያያይዘው ብረትም በወፍራም ተተክቷል፤ መኪናዋ ኩርባ ላይ ወደ ጎን እንዳትጋደም። ለጠየቃት ሁሉ «ፍጥነት ስለምወድ ነው» ትላለች። እውነቱን ለማንም አልተናገረችም። መኪናዋ መወዛወዝ ብትተው የባሏም ሆድ ይተው ይሆናል ብላ ነው። ግን ተስፋ ያደረገችውን ሰው ፊት መናገር አፈረች።

መካኒኩን ሁሉም «ቀጭኑ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት በወጣትነቱ ነው፤ ዛሬ ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው ትንፋሹን ሰብስቦ ነው። የመጨረሻዎቹን ቡሎኖች ከማጥበቁ በፊት የሚነዳው ሰው ቦታው ላይ መቀመጥ እንዳለበት ነገራት። እሷ ደግሞ አዲሱን ብረት ከሥር ገብታ በዓይኗ ካላየች እንቅልፍ አይወስዳትም።

በዚህ መሃል ባሏ፣ እሷ ቤት የረሳችውን መነጽር ይዞ መጣ። የልብስ መለኪያው ሜትር አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ሁለቱም ዞረው አዩት።

«ቆማ ነው የምትቆየው?» አለ ባል፣ በእሷ ፈንታ መሪው ጋ እንዲቀመጥ መፈለጉን ሲሰማ።

«ንቅንቅ አትልም ጋሼ።»

«መቀመጥ ብቻ ከሆነማ ሥራዬ ነው።»

መሐረቡን አንጥፎ መሪው ጋ ተቀመጠ። ቀጭኑ ከላይ እስከ ታች አየውና አንገቱን አከከ። «አይቀየሙኝና ጋሼ፣ ትንሽ ይጎድላሉ» አለው። ከጥግ አንድ አሮጌ ባትሪ አንሥቶ፣ ሱሪው እንዳይቆሽሽ ካርቶን አድርጎ ጭኑ ላይ አስቀመጠለት።

«እኔ ይኼን ያህል እበልጠዋለሁ?» አለች ሚስት።

ቀጭኑ የቡሎን ቁልፍ ፍለጋ ወደ ዕቃ ክፍሉ ገባ። ባልም የጣሪያውን ቆርቆሮ ያይ ጀመር።

ቀጭኑና ሴትየዋ ጉድጓዱ ውስጥ ሲወርዱ ባል ከላይ ሆኖ ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስፈልግ ጠየቀ። ቀጭኑም መኪናዋ ባዶዋን ሆና ቡሎኑ ከጠበቀ፣ ሰው ሲገባባት ብረቱ እንደሚወጠርና ወደ አንድ ጎን እንደምታዘነብል አስረዳው።

«እኛም ኮት የምንለካው ባለቤቱ ለብሶት ነው» አለ ባል። «መስቀያ ላይማ የማያምር የለም።» የጎን ወንበሩን በእጁ መታ አደረገና «የዚህኛው ወንበር ክብደትስ?» ብሎ ጠየቀ።

«እትዬ አንድ ሰው ብለውኛል።»

ሴትየዋ ከሥር ሆና ፊቱን ማየት አልቻለችም።

«ማነው እዚህ የሚቀመጠው?» አለ ባል።

«ቦርሳዬ» አለች። ቀልድ እንዲመስልላት ፈልጋ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ከዳት።

ሥራው አልቆ እሷ ከጉድጓዱ ስትወጣ ባሏን፣ ባትሪውን መሬት አድርጎ፣ መኪናዋን ዞሮ፣ ቦርሳዋን ጭኑ ላይ ይዞ የጎን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ምናልባት ቢያስመልሰኝ ብሎ በአንድ እጁ ፌስታል ይዟል።

«እስከ ኩርባው ብቻ» አላት።

ያ የተራራው መንገድ ከጋራዡ ጀርባ ነው የሚጀምረው። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ በሩን ጨበጠ። መኪናዋ የመንገዱን ጉድጓድ አንድ በአንድ ታስቆጥራለች እንጂ ወደ ጎን አልተጋደመችም። ሁለተኛው ላይ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ሦስተኛው ጋ ሲደርሱ እሷ ፍጥነት ቀነሰች።

«ምን ሆንሽ?»

«እዚህ ጋ አይደል የወረድከው?»

«የወረደው ሌላ ሰው ነው። ንጂው።»

ሳቋ አመለጣት፤ እሱም ሳቀ። ፌስታሉን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ከመስኮቱ ውጭ ዛፉንም ገደሉንም እያሳያት ማውራት ጀመረ። በዚያ መንገድ አውቶቡስ የነዳችውን ሴት መንገዱን አስጎበኛት። እሷም እንደ አዲስ አየችለት፤ ደስታዋ መሪውን የያዘው እጇ ድረስ ይሰማት ነበር።

ሲመለሱ «ወደ እኔ ትንሽ ታዘነብላለች» አለ።

«ለአንድ ሰው ነዋ የተለካችው።»

ጋራዡ ሲደርሱ ቀጭኑ ሊያወርደው በሩን ከፈተለት። ባል ግን ቀበቶውን አልፈታም።

«ፍታውና ለሁለት ሰው ለካን» አለው።

ቀጭኑ የሴትየዋን ፊት አየ፤ ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ነው። እሷ እጇን ዘርግታ ቦርሳዋን ከባሏ ጭን ላይ አነሣችና ለቀጭኑ አቀበለችው፤ ግድግዳው ላይ እንዲሰቅልላት። ቀጭኑ ቦርሳውን ሰቅሎ፣ ባትሪውን በእግሩ ወደ ጥግ ገፍቶ፣ ትንፋሹን ሰበሰበና ወደ ጉድጓዱ ወረደ።