ፌና መነጽሯን ያወለቀችበት እሑድ

በእኛ የጠላቂዎች ማኅበር ውስጥ የተጻፉ ደንቦች ብዙ ናቸው፤ ሳይሸራረፍ የሚከበረው ግን ያልተጻፈው አንዱ ነው። የወደቀ ቦሉስ ያበላል። ቦሉስ በቡናማ ስኳርና በቀረፋ የራሰ፣ ጣት ላይ ከተጣበቀ የማይለቅ ጥቅልል ዳቦ ነው። ፈተና የወደቀ፣ የእግር መቅዘፊያውን ቤቱ ረስቶ የመጣ፣ የአየር ሲሊንደሩን ሳይከፍት ባሕር የገባ፣ ማንም ይሁን ማን በሚቀጥለው እሑድ አንድ ትሪ ቦሉስ ይዞ የምንጠልቅበት ባሕር ዳር ያለው ግድብ ላይ ይገኛል። ስሙ ቅጣት ነው፤ ለቀጪዎቹ ግን ቁርስ ነው።

ፌና ማኅበሩን በተቀላቀለችበት ዓመት ሁላችንም ወፈርን።

ፌና ዚሪክዜ ከተማ ውስጥ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት። የተወለደችው ባሕር በሌለበት አገር ሲሆን በባሕር ወደተከበበው አውራጃችን ወደ ዜላንድ የመጣችው ባሏን ማሪኑስን ተከትላ ነው። የማሪኑስ ቤተሰብ ደግሞ ከየብስ ይልቅ ውሃ የሚስማማው ዘር ነው። አባትየው ጠላቂ ነበር፣ አጎቶቹ ጠላቂዎች ናቸው፣ እናቱ ፒተርኔላ ሰባ ዓመት ሊሞላት ምንም ያህል ሳይቀራት ዛሬም በየሳምንቱ ሲሊንደሯን ተሸክማ ግድቡን ወጥታ ትወርዳለች። ፌና ስንት ዓመት ሙሉ ግድቡ ላይ ቆማ የመኪና ቁልፍና የሾርባ ቴርሞስ ስትጠብቅ ኖረች። ማታ ገበታ ላይ ወሬው ሁሉ ከታች ስላዩት ነው። የትኛው ጉድጓድ ውስጥ ሎብስተር የሚባለው ባለ ረጅም ጢም የባሕር ፍጥረት እንደገባ፣ የትኛው ድንጋይ እንደተንከባለለ። አንዴ እሷም ስለ ባሕሩ ቀለም አንድ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት አማቷ ድንቹን እያቀረበችላት፣ «አንቺ እንኳ የምታውቂው ከላይ ነው፣ ልጄ» አለቻት። በደግነት ነው ያለችው። ክፋት ቢሆን ኖሮ ፌና ትረሳው ነበር።

በማግስቱ መጥታ ተመዘገበች።

አንድ ሰው ያለ አስተማሪ መጥለቅ እንዲፈቀድለት የመጨረሻው ፈተና ቀላል ይመስላል። ስድስት ሜትር ወርደህ አሸዋው ላይ ትንበረከካለህ፤ ዓይንና አፍንጫህን የሸፈነውን የውሃ መነጽር ታወልቃለህ፤ ለአንድ ደቂቃ በአፍህ ብቻ እየተነፈስክ ትቆያለህ፤ ከዚያ መልሰህ ታጠልቀውና በአፍንጫህ እፍ ብለህ የገባውን ውሃ ታስወጣለህ። ፌና ይህን በሞቀ ገንዳ ውስጥ እየሳቀች ነው ያደረገችው። የእኛ ባሕር ግን ገንዳ አይደለም። የብርዱ ወራት ሳያልፍ ውሃው ፊት ሲያገኝ አይነካውም፣ ይነክሰዋል። አፍንጫ የተባለ ፍጥረት ደግሞ ሲነከስ ጌታውን ሳያስፈቅድ አየር ይስባል። አየር የለም፤ ውሃ ነው የሚገባው። ፌና በገባች ቁጥር እንደ ጠርሙስ ቡሽ ተስፈንጥራ እያሳለች ትወጣለች።

አራት ጊዜ ወደቀች። ከአራተኛው በኋላ ትሪዋን ይዛ ስትመጣ የማኅበሩ ሊቀ መንበርና ፈታኝ ክሬይን የመጀመሪያውን ቦሉስ አነሣ። ክሬይን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሥራው የመንገድ ምልክቶችን መቆጣጠር ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ዓሣዎቹ ቀኛቸውን ይዘው ቢዋኙ ደስ ይለዋል።

«አይዞሽ ፌና» አላት እያላመጠ። «ሰው ሁሉ ለውሃ አልተፈጠረም።»

«እና ለምን ነው የተፈጠርኩት፣ ጋሽ ክሬይን?»

«ይሄ ቦሉስ መልስ ይሰጥሻል። ብቻ በሚቀጥለው ጊዜ ቀረፋውን ቀነስ ብታደርጊው።»

«የሚቀጥለው ጊዜ የለም።»

«እሱን ባለፈውም ብለሽን ነበር» አለች ፒተርኔላ ጣቷን እየላሰች። «የአንቺ ችግር ምን መሰለሽ፣ መነጽሩን ስታወልቂ ነፍስሽንም አብረሽ ታወልቂያለሽ።»

ሁላችንም ሳቅን። ማሪኑስም ሳቀ፤ ኋላ በመኪናው ውስጥ ምን እንደደረሰበት እሱ ያውቃል።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ወይዘሮ ማቼ ፀጉሯን ቀለም ተቀብታ ተቀምጣለች። ማቼ ሰማንያን ያለፈች፣ ሦስት ባል የቀበረች፣ ሌላ የምትፈራው ነገር ያልቀራት ሴት ናት። ፌና ከዓሣ ነጋዴው ያመጣችውን በረዶ የፀጉር መታጠቢያው ሳፋ ውስጥ ገለበጠችው፤ ውሃ ሞላችበት፤ የመተንፈሻ ቱቦ በአፏ ነክሳ ፊቷን ዘፈቀች። ወዲያው ቀና ብላ አሳለች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች ማቼ። «ማሪኑስ በደለሽ?»

ፌና ነገረቻት። ማቼ ጥቂት አሰበችና የፀጉር ቀለም የሚቆይበት ጊዜ የሚለካበትን ሰዓት ከመደርደሪያው ላይ አነሣች።

«በይ ግቢ። እኔ እይዝልሻለሁ።»

«አፍንጫዬ ነው እምቢ ያለኝ፣ እማማ ማቼ።»

«አፍንጫሽን እርሺው። አፍንጫ ማለት ባል ነው። ባዘዝሽው ቁጥር ይገነፍላል፤ ስትረሺው ራሱ ዝም ይላል።»

ከዚያ ወዲያ ፀጉር ቤቱ ፀጉር ቤት መሆኑ ቀረ። የማክሰኞ ደንበኞች የዓርብ ደንበኞችን በውጤት ሊበልጡ ተፎካከሩ። አንዷ በረዶ ከቤቷ ይዛ ትመጣለች፣ ሌላዋ ሰዓት ትይዛለች፣ ሌላዋ «ትከሻሽን ጣይው፣ ትከሻሽን» እያለች ጀርባዋን ታሻለች። አንድ ማክሰኞ ፌና ሳፋው ውስጥ በጣም ከመቆየቷ የተነሣ ቡናማ ሊሆን የታሰበው የማቼ ፀጉር ሐምራዊ ሆኖ ወጣ። ማቼ በመስተዋት አየችውና፣ «ሥራ ሲሠራ እንዲህ ነው» ብላ መሐረቧን አሰረች።

እኛ ይህን ሁሉ አናውቅም ነበር። የአምስተኛው ፈተና ዕለት፣ እሑድ ጠዋት፣ ግድቡ ላይ ስንደርስ ሴቶቹ ታጣፊ ወንበራቸውን ደርድረው፣ ትናንት የተሠራ ፀጉራቸውን ከንፋሱ በላስቲክ ሸፍነው ተቀምጠዋል።

«ይሄ ፈተና ነው ወይስ ገበያ?» አለ ክሬይን።

«ጌታው፣ እኛ የአፍንጫዋ ወዳጆች ነን» አለች ማቼ። «እርስዎ ሥራዎን ይሥሩ።»

ደንቡ ፈታኝ ብቻውን አይበቃም ይላል፤ አንድ ምስክር ያስፈልጋል። ዘመድ አይፈትንም የሚል ደንብ አለን፣ ዘመድ አይመሰክርም የሚል ግን የለንም። ፒተርኔላ ይህን ክፍተት ካገኘች ቆይታለች።

«እኔ እገባለሁ» አለች። «ከወደቀችም በዓይኔ ልየው። በወሬ መስማት አልወድም።»

ባሕሩ ከመምጣቱም ከመሄዱም አርፎ የሚቆምባት አጭር ጊዜ አለች፤ በዚያች ሦስቱ የድንጋዩን ደረጃ ወርደው ገቡ። ማሪኑስ እንኳን ከእኛ ጋር ላይ ቀረ። ከዚህ በኋላ ያለውን ሦስቱም ለየብቻ ነግረውኛል። ሦስቱ የተስማሙበትን ብቻ ነው የምጽፈው፤ ስለዚህ አጭር ነው።

አሸዋው ላይ ተንበረከኩ። ክሬይን በእጁ «አውልቂ» አላት። አወለቀች። ብርዱ ግንባሯን፣ የዓይኗን ቆብ፣ ከዚያ አፍንጫዋን ያዘ። አፍንጫዋ እንደ ልማዱ ሊስብ ሲል ፌና ረሳችው። ስለ ማቼ ሐምራዊ ፀጉር ማሰብ ጀመረች፤ በምን ቀለም ሊስተካከል እንደሚችል። አረፋዎቿ እየተራመዱ ወደ ላይ ሄዱ። ደቂቃው ሞላ። ክሬይን ትከሻዋን መታ አድርጎ «መልሺው» ሲላት፣ በወፍራም ጓንት ውስጥ የደነዘዙት ጣቶቿ ማሰሪያውን ሳቱት። መነጽሩ ወደቀ።

ክሬይን ሊይዘው ተወረወረ። በመቅዘፊያው አንዴ መታ፣ ደገመ፤ የባሕሩ ወለል ላይ ተኝቶ የነበረው ጭቃ በሙሉ ተነሥቶ ተቀበለው። ክንድ ያህል እንኳ አይታይም። ዕድሜውን በምልክት ያሳለፈው ሰው ለዚህ የሚሆን ምልክት አጣ። ከጭቃው ውስጥ እየዳሰሰ ተመለሰና የፌናን እጅ ይዞ አውራ ጣቷን ወደ ላይ አቀናው። እንውጣ ማለት ነው። እንውጣ ማለት ደግሞ ወደቅሽ ማለት ነው።

ፌና ዓይኗን ጨፍና፣ ፊቷ በብርዱ ውስጥ ራቁቱን ሆኖ፣ እጁን ገፋችው። አውራ ጣትና ሌባ ጣቷን አገናኝታ ክብ ሠራች። ደህና ነኝ። እንደገና ያዛት፣ እንደገና ክብ ሠራች።

ፒተርኔላ በጣም ተጠግታ ይህን አየች። «ፊቷን አየሁት» አለችኝ ኋላ። «ፀጉሯን የምትታጠብ ነው የምትመስለው።» ከዚያ በላይ እንድታብራራ ብጠይቃት ተቆጣች። ያደረገችው ግን ይህ ነው። የራሷን መነጽር አወለቀችና የምራቷ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

የፒተርኔላ መነጽር ለደካማ ዓይኗ ታዞ የተሠራ፣ መስታወቱ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ ነው። ፌና አጠለቀችው፣ አንገቷን ቀና አደረገች፣ በአፍንጫዋ እፍ አለች። ውሃው ወጣ። ዓይኗን ስትገልጥ ክሬይን የአውራ ጣት ያህል አንሶ፣ ዳር ዳሩ ተንሻፎ ታያት። ከጎኑ አማቷ ዓይኗን ጭምቅ አድርጋ፣ እጇን ዘርግታ ቆማለች። ፒተርኔላ እጇን ለሰው ዘርግታ ስትጠብቅ ያየ አልነበረም። ፌና ያዘቻት።

እኛ ከላይ ሁለት ራስ ሲወጣ አየን። ከፊት ፌና በአማቷ መነጽር፣ እያንዳንዱን ድንጋይ በእግሯ እየሞከረች፤ ከኋላ ፒተርኔላ ክንዷን ጨብጣ፣ ዓይኗ በርበሬ መስሎ፣ ንፍጧ እየወረደ።

«ደረጃ አለ፣ እማማ» አለች ፌና።

«የት?»

«እኔም አላየሁትም። እዚህ አካባቢ መሆን አለበት።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምትመሪኝ?»

«መነጽርዎ ነው ያሳወረኝ።»

«መነጽሬን አትስደቢ።»

ክሬይን ዘግይቶ ወጣ። ውሃው ወገቡ ላይ እንደደረሰ መተንፈሻውን ከአፉ አውጥቶ መናገር ጀመረ። «ደንቡ እንዲህ ነው የሚለው። መነጽሩን አውልቆ መልሶ ያጠልቃል። መነጽሩን። ይሄ እኮ መነጽሩ አይደለም፤ ሌላ መነጽር ነው።»

ፒተርኔላ ወደ ድምፁ ዞረች። ጭራሽ አታየውም፤ በግምት ነው የተመለከተችው፣ ግን አልሳተችም።

«ክሬይን፣ አንተ ምን ይዘህ ወጣህ?»

ክሬይን እጁን ተመለከተ። ጭቃው ውስጥ የፌናን መነጽር ሲፈልግ ያገኘውን እስካሁን አለቀቀውም ነበር።

«ቦት ጫማ» አለ።

«ሙሉ ነው?»

«ግማሽ።»

«እሷ መነጽር አድርጋ ወጣች። እኔ ምራቴን ይዤ ወጣሁ። አንተ በግማሽ ጫማ ወጥተህ ደንብ ታነብልናለህ?»

ክሬይን ወደ እኛ አየ፤ እኛ ወደ ባሕሩ አየን። ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ቁርስ ያሰበ ያለ አይመስለኝም።

«አልፋለች» አለ።

«አልሰማንም» አለች ማቼ ከወንበሯ።

«አልፋለች ነው ያልኩት።»

ሴቶቹ አጨበጨቡ። ሁሉም የሱፍ ጓንት ስላደረጉ ጭብጨባው ዶሮዎች ክንፋቸውን የሚያራግፉ ይመስላል፤ ቢሆንም ከዚያ የበለጠ ጭብጨባ እዚያ ግድብ ላይ ሰምቼ አላውቅም። ማሪኑስ ሚስቱን ሊያቅፍ ሮጦ ወረደ፤ እጁ ያረፈው ግን ጀርባዋ ላይ ባለው ሲሊንደር ላይ ነው።

ፌና ለአማቷ መነጽሯን መለሰችላት። ከዚያ ጃንጥላዋን ካፌ እንደረሳች ሰው፣ «የእኔ እኮ እታች ቀርቷል» አለች።

«ነገ ይፈለጋል» አለ ክሬይን።

«ነገ ማዕበሉ ይወስደዋል። ውሃው ገና አልዞረም።»

«እኔ ላምጣልሽ፣ የኔ ቆንጆ» አለ ማሪኑስ።

«አንተ መነጽርህን አውሰኝ።»

ከአንገቱ ላይ ራሷ ወሰደችው። ሲሊንደሯ ውስጥ ምን ያህል አየር እንደቀረ አየች፣ ለፒተርኔላ አሳየቻት፤ ፒተርኔላ የራሷን አሳየቻት። ማንንም አልጠየቁም። የሚጠየቅ ሰውም ከአሁን ወዲያ የለም። ሁለቱ ተያይዘው ደረጃውን ወረዱ።

አረፋቸውን ከላይ እንከተል ነበር። መነጽሩ የወደቀበት ቦታ ላይ ትንሽ ቆሙ፤ ጭቃው ረግቶ መሆን አለበት። ከዚያ ይመለሳሉ ስንል አረፋው ወደ ውጭ ሄደ፤ በድንጋዩ ግንብ ጥግ ጥጉን፣ እየራቀ። ክሬይን ሰዓቱን ተመለከተ፣ መልሶ ተመለከተ።

«የት ነው የሚሄዱት?» አለ።

«ሥራ ላይ ናቸው» አለች ማቼ፤ ብርድ ልብሷን ጉልበቷ ላይ ሰበሰበች። «ይቀመጡ፣ ጌታው። ሾርባ ይጠጡ።»

ሲወጡ ፌና ሁለት መነጽር ነበራት፤ አንዱ ግንባሯ ላይ፣ አንዱ ክንዷ ላይ። ስለ ተገኘው መነጽር ማንም አላነሣም፣ እነሱም አላነሡም። መተንፈሻውን ከአፋቸው ገና ሳያወጡ ጀምሮ እየተጨቃጨቁ ነበር።

«ሎብስተሩ ክንዴን ያክላል እልሻለሁ» ትላለች ፒተርኔላ።

«አያክልም፣ እማማ። መዳፌን ነው የሚያክል።»

«ያየሽው ጭራውን ነው። ጭንቅላቱ ጉድጓዱ ውስጥ ነበር።»

«ጭንቅላቱን ነው ያየሁት። ጢሙ ወደ እኔ ነበር።»

«ጢም አላየሁም።»

«እርስዎ ከኋላዬ ነበሩ፤ እንዴት ያዩታል?»

ፒተርኔላ ደረጃው መካከል ቆመች። «እሺ፣ ጢሙ ምን ያህል ነበር?» አለች።

ፌና በእርጥብ ጓንቶቿ ለክታ አሳየቻት። ፒተርኔላ «ውሸት ነው» አለች። እየተጨቃጨቁ፣ ሲሊንደራቸውን እንደተሸከሙ፣ በመካከላችን አልፈው ግድቡን ተሻገሩ።