ላይ ዘንቧል ወይ?

ፋኑኤል ሲደውልልኝ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚመጣብኝ ሐሳብ፣ አሁን ደግሞ ምን ሊያጠምድልኝ ይሆን የሚል ነው። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የደወለልኝ ቀንም እንደዚያው አሰብኩ። የሚፈርድብኝ ሰው መጀመሪያ ነገሩን ይስማ።

የምኖረው አዲጋላ ነው። አባቴ የባቡር ጣቢያው ዘበኛ ነበሩ፤ ባቡሩ ቀረ፣ እኛም እዚያው ቀረን። ጣቢያው ግቢ ውስጥ የዝናብ መለኪያ ቆርቆሮ አለ። ጠዋት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የገባበትን ውኃ ለክቼ ጅጅጋ ላለው የሜትሮሎጂ ቢሮ በስልክ እናገራለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ። ሥልጠናውን የወሰድነው ከፋኑኤል ጋር ነው። እሱ አሥራ ሁለተኛን ስለጨረሰ ጅጅጋ ላይ ወንበር ተሰጠው፤ እኔ ከስምንተኛ ስላቋረጥኩ ቆርቆሮ ተሰጠኝ። ይሄስ ይሁን። ግን አንድ ስብሰባ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ፣ «ሀብተየስ እኮ አልጋው ላይ ሆኖ ነው ቁጥር የሚጽፈው» ብሎ አሳቀብኝ። ወባ ይዞኝ ሳላይ ዜሮ ያልኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። ደግሞም ዜሮ ነበር!

ያን ቀን ጠዋት ራሱ ደውሎ፣ የዕለቱን ዜሮ ነግሬው ስልኩን ልዘጋ ስል «ቆይ ሀብቴ» አለኝ። ሀብቴ የሚለኝ የሚፈልገው ነገር ሲኖር ነው።

«በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ትልቅ አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው። በሳተላይት እያየነው ነው። ነገ ከሰዓት እናንተ ጋ ይደርሳል። ደረቁ አሸዋ ወንዝ ውስጥ የሰፈሩትን አስወጣቸው።»

«የባሕር ማዕበል አዲጋላ ድረስ?»

«ነፋሱ የብስ ላይ ሲወጣ ይደክማል፤ ዝናቡ ግን አይቀርም። የዓመቱን ዝናብ በአንድ ቀን ሊጥለው ይችላል።»

«ካልመጣስ?»

«ካልመጣ እሰየው ነዋ!»

ለእሱ እሰየው ነው። ባለፈው ዓመት ዝናብ ይመጣል ብሎኝ ለከተማው ሁሉ ተናገርኩ፤ ጠብ ሳይል ቀረ። ገበያ ላይ «ጥላህን አልያዝክም?» እየተባለ የተሳቀው በእኔ ነው፣ በፋኑኤል አይደለም። አሁንም አስወርቶኝ፣ ከዚያ ለአለቆቹ «ያው ሀብተየስ ነው» ሊል እንደሆነ ጠረጠርኩ።

የእኛ አገር ጎርፍ የሚመጣው ከላይ፣ ከሐረርጌ ደጋ ነው። እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ውኃው ድንገት እንደ ግድግዳ ቆሞ ይመጣል። ስለዚህ አሸዋ ላይ የሚያድር ሰው ቀኑ ሳይመሽ «ላይ ዘንቧል ወይ?» ብሎ ያስጠይቃል። የሚጠይቅላቸው እኔ ነኝ። ደጋ ላይ ደሬሳ የሚባል ጫት ነጋዴ አለኝ። ደወልኩለት።

«አቦ ምን ዝናብ አለ! ሰማዩ ታጥቦ የተደፋ ሳህን ነው የሚመስለው። ጫቴ እየደረቀብኝ ነው፤ ካገኘህ ላክልኝ!»

ወደ አሸዋው ወረድኩ። ኢስተሂል የምትባል የሶማሌ ባልቴት እዚያ ነበረች፤ ከሦስት የልጅ ልጆቿ ጋር። ከድርቁ በፊት ሁለት መቶ ፍየል ነበራት፤ የቀሯት ሃያ ሁለት ናቸው። ልጆቹ የሚያድሩት በእነሱ ወተት ነው። አሸዋውን ቆፍራ ውኃ ስለምታጠጣቸው ከዚያ አትርቅም።

«ወሪያ ሀብተየስ! ላይ ዘንቧል ወይ?» አለችኝ ገና ስታየኝ።

«የለም፣ ጠርቷል። ጅጅጋ ያሉት ግን ከባሕር በኩል ይመጣል ይላሉ።»

«ከባሕር? ከባሕር ጨውና ኮንትሮባንድ እንጂ ምን መጥቶ ያውቃል?» ሳቀች። ከዚያ ባልዲዋን አስቀመጠች። «ማን አየው?»

«በሳተላይት አየን ነው የሚሉት።»

«የነገረህን ሰው ታውቀዋለህ?»

«በደንብ።»

«ውሸታም ነው?»

«ኢዶ» አልኳት፣ አክስቴ ማለቴ ነው፤ «ይሄ ሰው ሲያሾፍብኝ የኖረ ሰው ነው።»

«ስለ አንተ አልጠየቅኩህም። ደውልና እኔ ላናግረው። ድምፁን ከሰማሁ ይበቃኛል።»

ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። «ባትሪ ጨርሷል» አልኳት። እሷ ፊት ደግሞ ሊያዋርደኝ? እኔን የነፈገኝን ቁም ነገር ለእሷ ሊያወራ? አልፈለግኩም።

ባልዲዋን መልሳ አነሳች። «እንግዲያው አንተ በለኝ። ልነሳ ወይስ ልቀመጥ? ከአሸዋው ከወጣሁ ፍየሎቹ ውኃ የላቸውም።»

«ላይ አልዘነበም» አልኳት። ውሸት አይደለም። አልዘነበም ነበር።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከባሕር በኩል ተነሳ። መጀመሪያ አቧራ ነው ያልነው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዝናቡ ጀመረ፤ ከላይ አልወረደም፣ በጎን ነው የገረፈን። ሜዳው ራሱ ውኃ አፈለቀ። ከደጋ አንዲት ጠብታ ሳትመጣ፣ ትንንሹ ቦይ ሁሉ ተሰባስቦ አሸዋው ወንዝ ውስጥ ገባ። እየሮጥኩ ስደርስ ኢስተሂል የባቡር ሐዲዱ ግንብ ላይ ቆማለች። ሦስቱም ልጆች አሉ። ሁለት ፍየል አለ። ሌላ ምንም የለም። አልቀረብኳትም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፋኑኤል ደወለ። «ስንት ለካህ?»

«ቆርቆሮው ሞልቶ ፈሷል። ስንት እንደሆነ አላውቅም።»

«ሰውስ? ነግረሃቸው ነበር?»

መልሴን እየጻፈ ያለ መሰለኝ። «ነግሬያለሁ» አልኩ።

ዞር ስል ኢስተሂል በሩ ላይ ቆማለች። የገበያ አማርኛ አታጣም፤ ያልኩትን ሰምታለች። እጇን ዘረጋች፤ ስልኩን ሰጠኋት። ፋኑኤል በሶማልኛ ከእኔ ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፦ መቼ ነው ለሀብተየስ የነገርከው? ነገራት። ቀኑንም ሰዓቱንም ነገራት።

ስልኩን መለሰችልኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ተዘጋጅቼም ነበር፤ የምመልሰው አላጣም። እሷ ግን «የሰውየውን ቁጥር ጻፍልኝ» አለችኝ።

የሲጋራ ካርቶን ቀድጄ ጻፍኩላት። መጨረሻዋን ቁጥር ላሳስታት ቃጥቶኝ ነበር። አላሳሳትኩም። ይሄን ማንም አያውቅልኝም።

ዛሬ ከአሸዋው ሰፈር ሰው ሁሉ በቀጥታ ጅጅጋ ይደውላል። እኔን «ላይ ዘንቧል ወይ?» የሚለኝ ጠፍቷል። ከፋኑኤል ጋር ምን ምን እንደሚያወሩ አላውቅም። የሚያወሩት ስለ ዝናብ ብቻ ነው ቢሉኝ ግን አላምንም።