ኮሌታ የሆነው ካርድ

የአንደኛ ክፍል ምዝገባ አርብ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። አርብ ጠዋት ደግሞ እኔ፣ የልጅቷ እናት፣ የክትባት ካርዷ የት እንደገባ አላውቅም።

ሃያ ዓመት ልብስ የሰፋሁ ሴት ነኝ። መርፌ ከእጄ ቢወድቅ ድምፁን ሰምቼ የወደቀበትን አውቃለሁ። ደንበኛ ገና በሩን ሲያልፍ ወገቡን በዓይኔ ለክቼ ጨርሻለሁ። ወረቀት መያዝ ግን አይሆንልኝም። ለዚህ ነው የቤቱን ወረቀት ሁሉ ሱቅ ውስጥ ቅርጾቼን በማስቀምጥበት ትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የምከተው። ቅርጽ የምለው ጨርቅ ላይ አስቀምጠን፣ ዙሪያውን በጠመኔ አስምረን የምንቆርጥበትን ጠንካራ ወረቀት ነው፤ የኮሌታ አለው፣ የእጅጌ አለው፣ የኪስ አለው። እኔ ደግሞ ቅርጽ አይጠፋብኝም። አንድ ጊዜ ብቻ ጠፍቶብኛል፤ እሱንም ተሰረቅሁ ብዬ ሰፈር ያወቀው ጠብ ተጣልቼበታለሁ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ሰኞ ዕለት ነበር ልጄን ይዤ ትምህርት ቤት የሄድኩት። ፌንጣ ነው የምንላት፤ መራመድ ከጀመረች ወዲህ ሳትዘል የሄደችበት መንገድ የለም። መዝጋቢውን ወላጆች በሌሉበት "ማኅተም" ይሏቸዋል። ማኅተም የሌለበትን ወረቀት እንኳን ሊቀበሉ፣ ዞር ብለውም አያዩትም። የልጄን ፎቶ አዩ፣ የልደት ወረቀቷን አዩ፣ ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

"የክትባት ካርድ?"

"ተከትባለች እኮ!" አልኩ።

"እኔ አምንዎታለሁ። መዝገቡ ግን ካርድ ካላየ አያምንም። እስከ አርብ ስድስት ሰዓት ያምጡ።"

ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያልገለበጥኩት ነገር የለም። ፍራሽ አነሳሁ፣ ቁም ሳጥን አራገፍኩ። ልጄ የተከተበችው ቀድሞ በኖርንበት ከተማ ስለሆነ ወደዚያ ጤና ጣቢያ ደወልኩ። ሕንፃው እየታደሰ ነው፣ የድሮው መዝገብ በሳጥን ታሽጓል፣ ከሁለት ወር በኋላ ይደውሉ አሉኝ። ሁለት ወር! የትምህርት ቤቱ ነርስ ክትባቱን እንደገና ትጀምር ይሆናል ብላ ነበር፤ ግን በአንዱና በሚቀጥለው ክትባት መካከል ሳምንታት መቆየት ስላለበት እስኪያልቅ ምዝገባው ያልፋል። ፌንጣ እንግዲህ ሌላ አንድ ዓመት ከእኔ ጋር ሱቅ ውስጥ ቁልፍ ስትለቅም ልትውል ነው።

አንዲት ደንበኛዬ ይህን ስትሰማ ጠጋ ብላ "ካርድ የሚሞላልሽ ሰው አውቃለሁ" አለችኝ። ደሜ ፈላ። ልትሞክረው የለበሰችውን ልብስ ገና አልጨረስኩትም እንጂ ያን ጊዜውኑ አስወልቄ በሸኘኋት ነበር። ልጄ እውነተኛውን መርፌ ተወግታ፣ እኔ እጇን ይዤ አብሬያት አልቅሼ፣ ለሐሰት ወረቀት ልለምን?

ደግሞስ በዚህ ጉዳይ ማሾፍ አልችልም። ታላቅ ወንድሜን ልጅ ሳለ ፖሊዮ ይዞት ግራ እግሩ ቀጥኖ፣ አጥሮ ቀርቷል። በሕይወቴ መጀመሪያ የሰፋሁት ሱሪ የሱ ነው። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ለማስደነቅ ብዬ ሳልለካው ሁለቱን እግር እኩል ቆረጥኩና ሰፋሁለት። ለበሰው፤ ግራው መሬት ለመሬት ተጎተተ። እሱ ሳቀ፣ እኔ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ሌላው ሰፊ አንዱን እግር ለክቶ ሲተው እኔ ሁለቱንም እለካለሁ። ደንበኞቼ ይቺ ሴት ትንሽ ነክቷታል ይሉኛል። ይበሉ። ስለዚህ "ካርድ ያላመጣ ልጅ አይገባም" የሚለውን ሕግ አልተጣላሁትም። የተጣላሁት ከራሴ ጋር ነው።

አርብ ጠዋት ቆርቆሮዋን ለሰባተኛ ጊዜ ወለሉ ላይ ዘረገፍኳት። እጅጌ፣ ወገብ፣ የኪስ ክዳን። የኪስ ክዳኑን ወደ ጎን ልወረውር ሳነሳው ከእጄ አምልጦ ተገለበጠ።

ጀርባው ላይ ጽሑፍ አለው። "ኩፍኝ፣ አንደኛ። ኩፍኝ፣ ሁለተኛ።" ከጎናቸው ቀን፣ ፊርማ። ጫፉ ላይ ደግሞ እንደ ተገመሰ ዳቦ ግማሽ የሆነ ሰማያዊ ክብ ማኅተም።

ክው አልኩ። ነገሩ አንድ በአንድ መጣልኝ። ከሁለት ዓመት በፊት የዚያው ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ሥራ ለእኔ የወጣ ሳምንት፣ ጥድፊያ ላይ ሆኜ ጠንካራ ወረቀት አለቀብኝ። እጄን ቆርቆሮ ውስጥ ሰደድኩ፤ በባዶ ጀርባው የተኛ ቢጫ ጠንካራ ወረቀት አገኘሁ። ገልብጬ እንኳን ሳላይ ኮሌታና የኪስ ክዳን አሰመርኩበትና ቆረጥኩት። የልጄን የክትባት ካርድ በገዛ መቀሴ! ለሰው ብነግረው የሚያምነኝ ሌላ ልብስ ሰፊ ብቻ ነው።

የቀረው ግማሽ እንግዲህ ኮሌታው ነው። ኮሌታው ደግሞ ያ የጠፋብኝ፣ ተሰረቀ ያልኩት ቅርጽ ነው። ሌባ ያልኩት ሰውዬም ከመንገዱ ማዶ፣ በሬ ፊት ለፊት ተቀምጦ እየሰፋ ነው።

ቄንጠኛው ይባላል። በሙቀትም በብርድም ሰደርያ ለብሶ፣ ሜትሩን እንደ ሐብል አንገቱ ላይ ጥሎ ነው የሚውለው። የቁልፍ ቀዳዳ የሚሠራ መኪና ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ድሮ ሸሚዝ ስፌት ስጨርስ ጠቅልዬ ለሱ እልክ ነበር። ባለፈው ዓመት ኮሌታዬ ሲጠፋና በማግሥቱ የሱ ሸሚዝ ኮሌታ ከኔው ጋር አንድ ሲመስለኝ፣ ጨርቄን ማቄን ሳልል በሩ ላይ ቆሜ፣ ደንበኞቹ እየሰሙ "ሌባ!" አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለንም። የቁልፍ ቀዳዳውንም ዓመት ሙሉ በእጄ ስቀድ ኖሬያለሁ፤ ጣቴ ምስክር ነው።

አራት ሰዓት አልፏል። የኪስ ክዳኑን ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ። መኪናውን አላቆመም፤ ቀናም አላለ።

"ኮሌታዬ አንተ ጋ አለ?" አልኩ።

"ሌባ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?"

"የልጄ የክትባት ካርድ ነው" አልኩና የኪስ ክዳኑን ጀርባ አሳየሁት። "ሳላውቅ ቆርጬው ነው። ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ካላደረስኩ ፌንጣ ዘንድሮ አትማርም።"

መኪናው ቆመ። ወረቀቱን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወንበር አስጠግቶ ወጣና ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወረደ፤ አቧራው ሁለታችንንም አስነጠሰን።

"ለቀዳዳ በላክሽው ሸሚዝ መሀል ተጠቅልሎ ነው የመጣው" አለ። "ልመልስልሽ ጫማዬን ሳጠልቅ አንቺ በሬ ላይ ቆመሽ ሌባ አልሽኝ። ያኔ ባወጣው ምን እባላለሁ? ጠቅልዬ ሰቀልኩት። አንድ ቀን አልተጠቀምኩበትም። የኔ ኮሌታ የኔው ነው።"

እጄን ዘረጋሁ፤ እሱ ግን ጥቅሉን ወደ ደረቱ አስጠጋው።

"የልጅ ነገር ስለሆነ አልከለክልሽም። ግን ያን ቃል የጣልሽበት ቦታ ላይ አንሺልኝ። በዚያው ድምፅሽ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰደርያውን ይዤ በተናነቅነው ነበር። ትክክል መሆኑ ነው ያናደደኝ። በሩ ላይ ወጣሁና ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። መንገዱ ዳር የሚሠራው ጫማ ጠጋኝ ቀና አለ። ከዳቦ ቤቱ ሁለት ሴቶች እየወጡ ነበር።

"ስሙኝ!" አልኩ፤ የኔ ድምፅ እንደሆነ ማጉያ አያስፈልገውም። "ባለፈው ዓመት ይህን ሰው ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ! ሌባ አይደለም! ዕቃዬን ራሴ ጠቅልዬ ልኬለት ነው! የተሳሳትኩት እኔ ነኝ!"

"ከዓመት በኋላ ነው ትዝ ያለሽ?" አለ ጫማ ጠጋኙ።

"አንተ ጫማህን ጠግን!"

ቄንጠኛው ከኋላዬ ሲስቅ ሰማሁት። ጥቅሉን ሰጠኝ፤ ሰጠኝ ብቻ አይደለም፣ ራሱ ፈታው። ኮሌታው በጠመኔ ነጥቷል። ብንገለብጠው የልጄ ስም፣ የተወለደችበት ቀን፣ ፖሊዮው፣ ሌላው ሁሉ ተራ በተራ፤ ጫፉ ላይም ግማሹ ማኅተም።

እኔ ወረቀት እንዳይባክን ሁለት ቅርጽ ጎን ለጎን አስጠግቼ በአንድ የመቀስ መንገድ ነው የምቆርጠው። ለዓመታት ቆጥቋጣ እየተባልኩ የተሳቀብኝ ልማድ ነው። የኮሌታውን ታች ከኪስ ክዳኑ ላይ አስጠጋሁት፤ ፀጉር የማያስገባ ሆኖ ገጠመ። የማኅተሙ ክብ ተዘጋ። ቄንጠኛው ካውያውን ሰካ። ለኮሌታ ማጠንከሪያ የምንጠቀምበትን በሙቀት የሚጣበቅ ጨርቅ ቆርጦ አመጣ፤ ሁለቱን ቁራጭ በባዶ ጀርባቸው እሱ ላይ አስተኝተን ተኮስናቸው። ካርዱ ከተሰጠኝ ቀን የበለጠ ጠነከረ።

"እኔም እመጣለሁ" አለ ሱቁን እየቆለፈ። "ብቻሽን ከሄድሽ ትጣያለሽ።"

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ፌንጣን መሀል አድርገን ደረስን። ግቢው የሌላ ክፍል ውጤት ሊያዩ በመጡ ልጆች ተሞልቷል። ማኅተም መነጽራቸውን አወረዱ፣ ካርዱን ገለበጡ፣ በጣታቸው ዳሰሱ።

"ይሄ ምንድነው? ስርዝ ድልዝ ያለበት ማስረጃ አልቀበልም።"

"ስርዝም ድልዝም የለበትም፣ ጋሼ" አልኩ። "መቀስ ነው የነካው።"

"ከሁለት የተለያየ ካርድ ላይ ተቆርጦ ቢሆንስ? የክትባት ካርድ ኮሌታ መሰለ ስንል የሚሰማን ማን ነው?"

ቄንጠኛው አፉን ሊከፍት ሲል ቀደምኩት። የደንብ ልብስ ለብሳ በበሩ የምታልፍ አንዲት ተማሪ ጠራሁ። "ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ አንዴ ቁሚልኝ።" ካርዱን በኮሌታ ወገኑ አንገቷ ላይ አስጠጋሁት። ጠርዙ በጠርዙ ላይ፣ ጫፉ በጫፉ ላይ ልክክ አለ። ሌላ ልጅ ጠራሁ፤ ልክክ። ሦስተኛው ሳይጠራ ራሱ መጥቶ አንገቱን ዘረጋ።

"የዚህን ትምህርት ቤት ሸሚዝ የምሰፋው እኔ ነኝ" አልኩ። "ያኔ የሰፋሁት ኮሌታ ሁሉ የተቆረጠው በዚህ ካርድ ነው። ካርዱ ከልጄ ቀድሞ ትምህርት ቤት ገብቷል፣ ጋሼ። አሁን እሷን ያስገቡልኝ።"

ማኅተም ማጉያ መነጽር ከመሳቢያቸው አውጥተው ክቡን ማኅተም ዞሩት፤ ፊደሉን እየተከተሉ፣ መቀሱ ያለፈበትን መስመር ተሻግረው፣ እስከ ተነሱበት ድረስ። አጠገባቸው የተቀመጠችው ነርስም አጎንብሳ ቀኖቹን አንድ በአንድ አነበበች።

"ሁሉንም ጨርሳለች" አለች። "አንድም አልጎደለ።"

"ማኅተሙም አልጎደለ" አሉ ማኅተም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው። "እናቷ ግን መቀስ ይዛ ወደ መዝገብ ቤት እንዳትገባ ይጻፍልኝ።"

ስሟን ጻፉ። ማኅተሙን አንስተው ጧ! አደረጉት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እዚያው ቢሮ ውስጥ እልል አልኩ፤ ግቢ ያሉት ልጆች ምክንያቱን ሳያውቁ ተቀበሉኝ። ፌንጣ ከበሩ እስከ ባንዲራው ምሰሶ ዘለለች፣ ከምሰሶው እስከ በሩ ተመለሰች። ቄንጠኛው በሜትሩ ጫፍ ዓይኑን ሲጠርግ ያየሁትን ለማንም አልተናገርኩም፤ ይኸው አሁን ተናገርኩ።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት የልጄን የደንብ ልብስ ጀመርኩ። ሸሚዙን ጨርሼ ለቁልፍ ቀዳዳ መንገዱን አሻግሬ ላክሁ። ከመላኬ በፊት ጥቅሉን ሁለት ጊዜ ፈትሻለሁ።

ወንድሜ ወሬውን ሰምቶ መጣና በሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ። ሱሪው ቀርቶኝ ነበር። ፌንጣን ጠረጴዛው ላይ አቆምኳትና አንድ ጊዜ እንኳን እንዳትዘል ለመንኳት። ሜትሩን ዘረጋሁ። ግራውን ለካሁና ቁጥሩን ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ቀኙን ለካሁ።

"ስንት ሆነ?" አለኝ ወንድሜ።

"እኩል ነው" አልኩት።