በሜትር የተለካ እንግሊዝኛ

አናጺው የፈተና ወረቀቱን ሲቀበል ከላይ እስከ ታች በቀይ ተሰራርዞ አገኘው። ሳይሰረዝ የቀረው የራሱ ስም ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣» አለችው አስተማሪዋ አጠገቡ ጎንበስ ብላ፣ «ባዶ ቦታው ላይ ቁጥር ይሙሉ አላልኩም እኮ። ለሚቆጠረው ‹ሜኒ›፣ ለማይቆጠረው ‹ማች›፣ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ‹ኤ ሊትል› ነበር ያልነው።»

«ጆጉ ውስጥ ውሃ አለ ይላል፤ ሁለት ሊትር ብዬ ጻፍኩ። ምኑ ላይ ነው ጥፋቴ?»

«ሁለት ሊትር መሆኑን በምን አወቁ?»

«ሥዕሉ አለ አይደል እንዴ! በዓይኔ ለካሁት።»

ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። እሱም ሳቀ፤ ምን ያድርግ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ትንሽ ላግልኝ» ያለው ደንበኛ ሁሉ «በሚሊሜትር ንገረኝ» ሳይባል አልተመለሰም። በእሱ ሙያ ትንሽ ማለት የማይገጥም በር ማለት ነው። እንግሊዞቹ መለኪያ እያላቸው ለምን በግምት እንደሚያወሩ ጨርሶ አልገባው ብሎታል።

አጠገቡ የተቀመጠችው ባለቤቱ ግን አልሳቀችም። ወረቀቷን አጥፋ መዳፏ ስር ሸሽጋዋለች።

«ስንት አገኘሽ?»

«ተወው እስቲ።»

መዳፏን ቀስ አድርጎ አነሳው። ከሃያ አሥራ ዘጠኝ! ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ፎቁ ትዝ አለው። ያለፉት ከዛሬ ጀምሮ ፎቅ ላይ ወዳለው የእንግሊዝኛ ሁለተኛ ደረጃ ክፍል ይወጣሉ፤ የወደቁት እዚሁ ይደግማሉ።

ባለቤቱ የክሊኒክ ጽዳት ሠራተኛ ናት። ወለል ስትወለውል ጉልበቷ አልቋል። የክሊኒኩን የካርድ ክፍል ሥራ ለማግኘት የእንግሊዝኛ ሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት አምጪ ተብላለች። እሱ ግን እንግሊዝኛ ጠምቶት አልመጣም። ልጆቹ ጎጆ ከወጡ ወዲህ፣ ቅዳሜ ጠዋት አብሯት የሚሄድበትና አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጥበት ሰበብ ሆኖለት ነው።

«እኔም እደግማለሁ፣» አለች በሹክሹክታ። «አንተን ጥዬ የት እሄዳለሁ? ለመምህሯ እነግራታለሁ።»

«ጉልበትሽስ?»

«እስከ ዛሬ ችሎ የለ!»

«የካርድ ክፍሉስ እስክትደግሚ ይጠብቅሻል?»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። እንደምትወደው ያውቃል፤ እንዲህ በግላጭ ሲሰማው ግን የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። እሺ ቢላት ሳታንገራግር ትቀርለታለች። እሺ ሊላትም አፉን ከፍቶ ነበር።

ከፍቶት ዘጋው። ደብተሯንና ቦርሳዋን አንስቶ ብድግ አለ።

«ወዴት ነው?»

«ነይ፣ ተከተይኝ።»

ደረጃው ላይ ክንዱን አስደግፎ ቀስ እያለ አወጣት። ፊተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ሥር አስቀመጣት። ዴስኩን ነቅነቅ አድርጎ ሲያየው አንደኛው እግር ይወላገዳል። ከኪሱ ቁራጭ እንጨት አውጥቶ፣ ተንበርክኮ፣ ሸጎጠበት።

«እሺ፣ አሁን ሂድ፤ ትምህርቱ ያመልጥሃል፣» አለችው እንባዋን እየጠረገች።

«መቼ ገብቶኝ ያውቅና ነው የሚያመልጠኝ!»

ሳቀች። እሱ ግን ከተንበረከከበት ሲነሳ እግሩ አልሄድ አለው። ከጎኗ ያለውን ባዶ ቦታ ቆሞ ያይ ጀመር። አንዲት ወጣት ነርስ ደብተሯን ታቅፋ መጣችና፣

«ሰው አለው?» ብላ ጠየቀች።

ባለቤቱ ቀና ብላ አየችው።

«የለውም፣ ተቀመጪ ልጄ፣» አለ አናጺው፣ ወደ ጎን ብሎ መንገድ እየለቀቀላት።