የጠፋችው «አ»

አማትና ምራቷ ሆድና ጀርባ ነበሩ ማለት አይቻልም። ተጣልተው አያውቁም። «እንዴት አደርሽ»፣ «ደህና፣ እርስዎስ» ይባባላሉ፤ ሁሉም ከአንገት በላይ ነው።

ምራቲቱ በአንድ የትርጉም ቢሮ ሰነድ አስተካካይ ናት። ከአገር አገር የሚላኩ ጽሑፎች መንገድ ላይ ፊደላቸው ተዘበራርቆ፣ ሣጥን ሣጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆነው ሲደርሱ እሷ ዘንድ ይመጣሉ። አማቷ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት በጸሐፊነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጃቸው ቤት ገብተዋል።

አንድ ዓርብ ከሰዓት የቢሮው ኃላፊ ዐሥራ ሁለት ገጽ ፋይል ላከላት። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት የተጻፈ የአንድ ግድብ የውሃ በሮች መመሪያ ነው። በሮቹን ሊጠግኑ የሚመጡት የውጭ መሐንዲሶች በቋንቋቸው ተተርጉሞ ይድረሰን ብለዋል። ስትከፍተው ግን ከላይ እስከ ታች የውጭ ፊደል፣ ቅንፍና የመደመር ምልክት ተደበላልቆ ጠበቃት። የፊደሉን ዓይነት ብትቀያይር ዝብርቅርቁ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይነበብም። የጽሑፍ ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል። ነገሩ ውሃ ወቀጣ ሲሆንባት ሦስት ገጽ አትማ ከኮምፒውተሯ ጋር ወደ ቤት ይዛ ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቱን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ የሚደጋገሙትን ምልክቶች በእርሳስ ስታከብብ፣ አማቷ ሽንኩርት ሊልጡ መጡ። ቢላዋውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

«ማነው ይህን የጻፈው?»

«አይታወቅም እማማ። ፊደሉ ተበላሽቶ ነው።»

«አልተበላሸም። ጸሐፊው ግን እጁ አልለመደም፤ ‹መቆጣጠሪያ› ላይ ሁለት ጊዜ ስቷል።»

ምራቲቱ ቀና ብላ አየቻቸው። ዕድሜ ተጫጫናቸው እንዴ ብላ ሰጋች። እሳቸው ቢላዋውን አስቀምጠው ዐሥሩን ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና፣ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳይነቅሉ እንጨቱን መጫን ጀመሩ። ከንፈራቸው ጣታቸውን ከኋላ ከኋላ ይከተላል። «የላይኛው... በር... መቆጣጠሪያ...»

«ያኔ የኮምፒውተሩ ቁልፍ ላይ ያለው የውጭ ፊደል ነበር» አሉ። «ስንጫነው የእኛው ይወጣል። ይሄ የሚያሳይሽ የተጫንነውን ቁልፍ ነው። እኔም በዓይኔ አላነበውም፤ ጣቴ ነው የሚያውቀው።»

«ታዲያ ነግረውኝ አያውቁም።»

«ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

ሁለቱን ቀን ከጠረጴዛው አልተነሡም። እሳቸው ይጫናሉ፤ እሷ የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ ትመዘግባለች። ባሏ ምሳ ፍለጋ መጥቶ ያልተላጠውን ሽንኩርት ሲያይ፣ ቢላዋውን አንሥቶ ራሱ መላጥ ጀመረ።

እሑድ ከሰዓት ሠንጠረዡ ሞላ፤ ኮምፒውተሩም በዚያው መሠረት ፋይሉን ለወጠው። ተነበበ። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት። «አ» የምትባለዋ ፊደል ፋይሉ ከማሽን ወደ ማሽን ሲተላለፍ ተውጣ ቀርታ፣ ምልክት እንኳ አልተወችም። «አንድ» የሚለው «ንድ»፣ «አደጋ» የሚለው «ደጋ» ሆኗል። ምራቲቱ ይሄማ ቀላል ነው ብላ የጎደለውን ሁሉ እየሞላች እስከ መጨረሻው ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ልትልከው ስትል አማቷ «እስቲ አንዴ አንብቢልኝ» አሏት። ገጽ ሰባት ላይ አስቆሟት። «የታችኛው በር ክፍት ሳለ የላይኛው ይከፈት» ይላል።

«ምን ችግር አለው? ምንም አልጎደለውም።»

«ክፋቱ እሱ ነው። ‹ንድ› ጎደለኝ ብሎ ይጮኻል፤ ይሄ ግን አይጮኽም። ‹ይከፈት› ይሁን ‹አይከፈት› በምን አወቅሽ?»

ምራቲቱ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሳ ፈለገች። ይዘጋ፣ ይነካ፣ ይቀባ የሚሉ ትእዛዞች ዐሥራ አንድ ቦታ ነበሩ፤ ሁሉንም እንዳሉ አልፋቸዋለች።

«የትኛው ነው ይላሉ?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«እኔ ምን አውቄ። ጸሐፊ የሰጡትን ይጽፋል እንጂ የግድብ ነገር አይገባውም። የሚያውቅ ሰው ጠይቂ።»

ለኃላፊዋ ደወለች። እሱም «ዛሬ እናስረክባለን ብያለሁ እኮ» ብሎ አጉረመረመ።

«ይከፈት ይሁን አይከፈት ሳላጣራ አልልክም» አለችው። የግድቡን ስልክ ሰጣት።

የበሮቹ ሠራተኛ ድምፁ ከውሃው ጩኸት ጋር እየታገለ ዐሥራ አንዱንም አንድ በአንድ መለሰላት። የገጽ ሰባቱን ስታነብለት «አይከፈት ነው እንጂ እህቴ» አላት በረጋ ድምፅ። «ሁለቱ አንድ ላይ ከተከፈቱማ የታችኛው መንደር አለቀለት።» ከዐሥራ አንዱ «አ» የጎደላቸው አራት ሆነው ተገኙ።

ሰነዱ ማክሰኞ ተላከ። ኃላፊው በመዘግየቷ ቅር ብሎት ነበር፤ እሷም ምክንያቱንና አማቷ እንዴት እንደረዷት ነገረችው። በሳምንቱ ከዚያው መሥሪያ ቤት አርባ ፋይል ሲመጣ ግን «እስቲ ሴትዮዋን ይዘሻቸው ነይ» አላት።

አማቷ መልእክቱን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጡረታ የወጣሁት አለቃ ሰልችቶኝ ነው። ከፈለገ ፋይሉ ይምጣ።»

ፋይሉ መጣ። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ስለ አንድ ምልክት ግማሽ ቀን ተከራከሩ። ምራቲቱ ልክ ሆና ተገኘች። አማቷም «እሺ፣ ቀጥይ» ብለው ቀጣዩን ገጽ ወደ ራሳቸው ሳቡ።